አማርኛ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ለምን ይንቀራፈፋል? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ስልካችሁ ላይ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ስትከፍቱ ወዲያው ይመጣል። ወደ ላይ ወደ ታች ብትሉት አይቆራረጥም። ያንኑ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ስክሮል ስታደርጉ ይንቀጠቀጣል፤ የጻፋችሁት ፊደል ከጣታችሁ ኋላ ቀርቶ ይደርሳል፤ የፎንት ዝርዝሩን ስትነኩት ደግሞ ፕሮግራሙ ጭራሽ ሀንግ ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው። «ራም ጨምርበት»፣ «ፎርማት አስደርገው»፣ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ሽጠው»። ራም በነጻ አይመጣም። ፎርማት ደግሞ ባክአፕ ሳይያዝ ከተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኛ ዲዛይንና የዓመታት ፎቶ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ችግሩ እዚያው ሊቆይ ይችላል።

ዛሬ የምንነግራችሁ ዋና ነገር ይህ ነው፦ አማርኛ ጽሑፍ ብቻ ተለይቶ ሲንቀራፈፍ፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ለመሳል አቅም አጥቶ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ፊደሉ ያለበትን ፎንት ፍለጋ መንከራተቱን ነው። ፍለጋን ለማሳጠር ደግሞ ብር አያስፈልግም። የቱ ጋ እንደተያዘ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ «ሀ» ስክሪን ላይ እስክትታይ

ኮምፒውተር «ሀ»ን የሚያስቀምጠው እንደ ሥዕል አይደለም፤ እንደ ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። የኛ ፊደል እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፣ የ«ሁ» 4609፣ የ«ሂ» 4610፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪን ላይ እስኪታይ አራት ደረጃዎችን ያልፋል።

1. ፎንት መምረጥ። ፕሮግራሙ «4608ን የሚያውቅ ፎንት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የተመረጠው ፎንት ካላወቀው ሌላ ይፈልጋል።

2. ማሰናዳት። ፊደሎቹ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ ይሰላል። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬኦፊስና አንድሮይድ ለዚህ ሥራ ሃርፍባዝ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ዓረብኛ እዚህ ጋ ብዙ ሥራ አለው፤ ፊደሉ መነሻ፣ መሃል ወይም መጨረሻ ላይ ሲሆን ቅርጹ ይለወጣል። የኛ ግን «በ» የትም ብትቀመጥ «በ» ናት። ስለዚህ አማርኛ በዚህ ደረጃ ቀላል ከሚባሉት ቋንቋዎች ነው።

3. መሳል። ፎንት ውስጥ ያለው የፊደሉ ዙሪያ መስመር ወደ ስክሪን ነጥቦች ይለወጣል። ሊኑክስና አንድሮይድ ላይ ይህን የሚሠራው ፍሪታይፕ ይባላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ዳይሬክትራይት የሚባለው አለ።

4. ማስቀመጥ። አንዴ የተሳለ ፊደል ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል። ይህ ካሽ ይባላል። ልክ እንደ እንጀራ ነው፤ ሰው ምሳ በበላ ቁጥር ምጣድ አይጣድም፤ አንዴ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ እየተነሳ ይበላል።

የመሶቡን ነገር ያዙልን፣ ይጠቅመናል። እያንዳንዱ መጠንና ውፍረት ለብቻው ይጋገራል። የ12 «ሀ» እና የ14 «ሀ»፣ ደማቁና ቀጭኑ የተለያዩ ናቸው። ዙም ስታደርጉ ለሰከንድ ያህል መንተባተቡ ጤናማ ነው፤ አዲስ እየጋገረ ነው። ዙም ሳታደርጉ፣ ያው ገጽ ላይ ሆናችሁ ሁልጊዜ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ችግር አለ።

«የኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ ነው የሚከብደው» የሚሉም አሉ። አይደለም። 33ቱን ፊደሎች በ7 ብታባዙ 231 ነው። ዲቃላዎቹና የሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች ፊደሎች ተጨምረውበት ዩኒኮድ ላይ ያሉት ከ500 ትንሽ ይበልጣሉ። አንድ የፎንት ፋይል እስከ 65,535 ቅርጾች መያዝ ይችላል። የቻይንኛ፣ የጃፓንኛና የኮሪያኛ ትልልቅ ፎንቶች እዚያ ጣሪያ ድረስ ይሄዳሉ። የቻይና ኮምፒውተር ካልቆመ የኛም በፊደል ብዛት አይቆምም።

ታዲያ ስልኩ ለምን ይፈጥናል?

ምን መሰላችሁ፣ ስልክ ምርጫ አይሰጣችሁም። አንድሮይድ ውስጥ የፎንቶች ዝርዝር የያዘ አንድ ፋይል አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ሲመጣ ወዴት እንደሚኬድ እዚያው ተጽፏል፤ ኖቶ ከሚባለው የጉግል ፎንት ቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያው ክፍል። ስሙም «ኖ ቶፉ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ቶፉ የሚሉት ፎንት ሲጠፋ የሚታየውን ባዶ ሳጥን ነው። የፎንቶቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ቦታቸው የታወቀ ነው። አለቀ።

ኮምፒውተር ላይ ግን እናንተ ካሊብሪ ወይም ታይምስ ኒው ሮማን መርጣችሁ አማርኛ ትጽፋላችሁ። እነዚህ ፎንቶች ውስጥ «ሀ» የለችም። ፕሮግራሙ ደግሞ «የለኝም» ብሎ አይተዋችሁም፤ ሌላ ፎንት ይፈልግላችኋል። ልዩነቱ መርካቶ ውስጥ ዕቃ እንደመፈለግ ነው። ደንበኛ ያለው ሰው ቀጥታ ሱቁ ገብቶ ገዝቶ ይወጣል። ደንበኛ የሌለው «እኛ ጋ የለም፣ ቀጥሎ ጠይቅ» እየተባለ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ሱቁ 50 ከሆነ አያስቸግርም። 5,000 ከሆነ ግን ይመሻል።

ጥሩ ፕሮግራም አንዴ ያገኘውን ሱቅ ያስታውሳል። ደካማው ወይም ካሹ የተበላሸበት ግን በየመስመሩ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ጭራሽ የሚብሰው ደግሞ የተቀላቀለ ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ፣ ቅንፉ፣ የእንግሊዝኛ ቃሉ፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞች በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር ከመጀመሪያው ፎንት ይመጣል፤ ፊደሉ ደግሞ ከሌላ። እናንተ አንድ አረፍተ ነገር የምትሉትን ፕሮግራሙ ብዙ ቦታ ቆራርጦ ነው የሚያሰናዳው።

መጀመሪያ ምርመራ፦ አራት ጥያቄዎች

መድኃኒት ከመዋጣችን በፊት በሽታውን እንወቅ። ይህ አሥር ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ዋናው ፋይላችሁ ላይ አትሞክሩ፤ ኮፒ አድርጉና በኮፒው ሥሩ።

ጥያቄ 1፦ እንግሊዝኛም ይንቀራፈፋል? አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቱና ሁለት ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ፔስት አድርጋችሁ ስክሮል አድርጉ። ከዚያ በሌላ ባዶ ፋይል በአማርኛ ድገሙት። ሁለቱም ከተንቀራፈፉ ነገሩ የፊደል ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ሂዱ። አማርኛው ብቻ ከሆነ የፎንት ፍለጋን ወይም ቀይ መስመርን ጠርጥሩ።

ጥያቄ 2፦ መቼ ነው የሚቆመው? ፕሮግራሙ ሲከፈት ብቻ ከሆነ የፎንት ብዛት ወይም ካሽ ነው። የፎንት ዝርዝሩን ስትነኩ ብቻ ከሆነ እያንዳንዱን ፎንት በናሙና ለማሳየት እየታገለ ነው። ስትጽፉና ስክሮል ስታደርጉ ከሆነ ፍለጋው፣ ቀይ መስመሩ ወይም ድራይቨሩ ነው።

ጥያቄ 3፦ አንድ ፕሮግራም ነው ወይስ ሁሉም? ያንኑ ጽሑፍ ኖትፓድ ላይ ወይም ብራውዘር ላይ አድርጉት። እዚያ ከፈጠነ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ወይም የፋይሉ ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማስደረግ ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ጥያቄ 4፦ ፎንቱን በስሙ ብትጠሩለት ይፈጥናል? በኮፒው ፋይል ላይ ሁሉንም ሴሌክት አድርጉና ኢብሪማ፣ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ምረጡ። ወዲያው ከቀለለው በሽታውን አገኛችሁት።

አሁን ወደ መፍትሔው።

ምክንያት አንድ፦ ፎንት በዝቷል

«5,000 ፎንት በአንድ ዚፕ» ተብሎ በፍላሽና በቴሌግራም የሚዞረውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጀማሪ ዲዛይነር መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ሴሌክት አድርጎ ኢንስቶል ማለት ነው። ከዚያ ጂምፕን ሲከፍት ፎንት እየጫነ እንደሆነና ሊቆይ እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ፕሮግራሙ እየዋሸ አይደለም። እያንዳንዱን የፎንት ፋይል ከፍቶ ስሙን፣ ዓይነቱንና የትኞቹን ፊደሎች እንደያዘ እያነበበ ነው። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፋይል በፋይል መዝለሉ ራሱ ጊዜ ይበላል። ኤስኤስዲ እዚህ ጋ በእውነት ይረዳል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፎንቱን መቀነስ ሞክሩ።

እንዲህ አድርጉ፦

ለመለየት ያህል ጂምፕን ያለ ፎንት ማስነሳት ይቻላል። የማስነሻ ትዕዛዙ ላይ ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ «ኖ-ፎንትስ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጨምሩበት። በዚያ መንገድ ቶሎ ከተነሳ ጥፋተኛው ፎንት ነው።

ፎቶሾፕ ላይ የሚቆመው የፎንት ዝርዝሩ ከሆነ፣ ታይፕ ከሚለው ሜኑ ፎንት ፕሪቪው ሳይዝ ገብታችሁ ነን አድርጉት። ሊብሬኦፊስ ላይ ደግሞ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ቪው ውስጥ የፎንት ናሙና ማሳያውን ማጥፋት ይቻላል።

እናንተ የጨመራችኋቸውን ፎንቶች መጀመሪያ ሌላ ፎልደር ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ከሲስተሙ አንሱ። ለሥራችሁ የሚያስፈልጉትን ብቻ መልሱ። ሌላውን ሥራ ሲመጣ ታስገቡታላችሁ። ከዊንዶውስ ጋር የመጡትን ግን አትንኩ፤ ስሙን የማታውቁትን ፎንት በግምት አታጥፉ።

ፎንቱ ብዙ ሳይሆን አንዱ ብቻ የተበላሸ እንደሆነ ብትጠረጥሩስ? አንድ በአንድ መሞከር ዕድሜ ይጨርሳል። በግማሽ ቁረጡ። የጨመራችሁት 1,000 ከሆነ 500ውን አውጡና ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከወጡት ውስጥ ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት ውስጥ። ያንን ደግሞ በግማሽ ቁረጡ። ከ1,000 ፎንት ውስጥ አንዱን ለማግኘት አሥር ሙከራ ያህል ይበቃል።

ምክንያት ሁለት፦ ፎንቱ በስሙ አልተጠራም

ጥያቄ 4 ላይ «አዎ ፈጠነ» ያላችሁ እዚህ ናችሁ። ወርድ ላይ ሴሌክት አድርጎ መቀየር ለጊዜው ይሠራል፤ የሚበረክተው ግን ስታይሉን መቀየር ነው። ሆም ላይ ኖርማል የሚለውን ስታይል በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሞዲፋይ በሉና የአማርኛ ፎንት ምረጡለት። ኢብሪማ፣ ኒያላና አቢሲኒካ የላቲን ፊደልም ስላላቸው የእንግሊዝኛ ቃልና ቁጥር ሲገባ ሌላ ፎንት ፍለጋ መሄድ የለም። አንድ ሱቅ ሁሉንም ይሸጣል።

የኒያላን ነገር ለብቻው እናንሳው፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ለዓመታት የአማርኛ ሰነድ በሱ ተጻፈ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማ የኛን ፊደል ያዘ። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኒያላ አብሮ መጫኑ ቀርቶ በፍላጎት የሚጨመር ሆነ። ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ኒያላ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፕሮግራሙ ምትክ ይፈልጋል። የሚጎዳው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የምትኩ ፊደል ስፋት ስለሚለይ መስመሩ ይዛወራል፣ ገጹ ይገፋል፤ 60 ገጽ የነበረው ጽሑፍ 63 ሊሆን ይችላል፣ ማውጫውም ይፋለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። ለማተሚያ ቤት ወይም ለአማካሪ ስትልኩ ደግሞ ፒዲኤፍም አያይዙ።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ቪኤስ ኮድ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፎንት ፋሚሊ በሚለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ የአማርኛ ፎንት ስም ጨምሩ። የእንግሊዝኛው ኮድ በለመዳችሁት ፎንት ይቀጥላል፤ አማርኛው ግን መሄጃውን ያውቃል።

አንድ ማሳሰቢያ። ጽሑፉ ጭራሽ አማርኛ መሆኑ ቀርቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነባችሁ፣ ያ የፍጥነት ችግር አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ሰነድ ነው። ያኔ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው ፊደላችን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጥ ነበር። እሱን የሚያስነብበው ያው የድሮው ፎንት ራሱ ወይም ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው።

ምክንያት ሦስት፦ ካሹ ተበላሽቷል

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ አዲስ ፎንት ካስገባችሁ በኋላ ጀመረ፤ ያስገባችሁት ፎንት ዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ ወይም ፊደል በፊደል ላይ ተደራርቦ ይታያል። መሶቡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ባዶ አድርጋችሁ እንደ አዲስ ማስጋገር ነው።

ዊንዶውስ ላይ፦ መጀመሪያ ሪስታርት። ሹት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት። ካልሆነ ሰርች ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ክፈቱና ዊንዶውስ ፎንት ካሽ ሰርቪስ የሚለውን ፈልጋችሁ ሪስታርት በሉት።

ማክ ላይ፦ ፎንት ቡክን ክፈቱ። የተደገሙና የተበላሹ ፎንቶችን እሱ ራሱ ይጠቁማል። ካልሆነ ኮምፒውተሩን አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት የፎንት ካሹን ያጸዳል፤ ከዚያ በተለመደው መንገድ መልሳችሁ አስነሱ።

ሊኑክስ ላይ፦ ፎንት የሚያስተዳድረው ፎንትኮንፊግ ይባላል። ተርሚናል ከፍታችሁ በላቲን ፊደል «ኤፍ ሲ ሰረዝ ካሽ» ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተውና «ሰረዝ ኤፍ ቪ» ጨምሩ። ካሹን ከዜሮ ይሠራል፤ የትኛው ፎልደር ላይ እንደሆነም እያሳየ ይሄዳል። የሚቆምበትን ፎልደር ልብ በሉ። የተበላሸው ፎንት እዚያ ሊሆን ይችላል። «ኤፍ ሲ ሰረዝ ማች» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ለአማርኛ የትኛው ፎንት እንደሚመረጥ ይነግራችኋል። ያልጠበቃችሁት ስም ከመጣ፣ ለምሳሌ ፍሪሰሪፍ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ አልተጫነም ወይም ከወረፋው ኋላ ነው ማለት ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሁለቱም ከራሱ ከሲስተሙ የሶፍትዌር ማከማቻ በነጻ ይገኛሉ።

አንድ ፕሮግራም ከጫናችሁ በኋላ መጀመሪያ ስትከፍቱት ብቻ ቢዘገይ ግን አትደንግጡ። የራሱን የፎንት ካሽ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ታገሱት። ሁለተኛ ስትከፍቱት መፍጠን አለበት። በየቀኑ «መጀመሪያዬ ነው» የሚል ከሆነ ካሹን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቷል፤ የዲስኩ ቦታ መሙላቱንና የፎልደሩን ፈቃድ እዩ።

ምክንያት አራት፦ ቀይ መስመሩ

ይህ የፎንት ችግር መስሎ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ወርድ ጽሑፉን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ከያዘው እያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ስህተት ነው። 80 ገጽ ሙሉ ቀይ መስመር ያሰምራል። አንዳንዴማ ራሱም ይሰለቸውና የፊደል ስህተቱ ስለበዛ ማሳየት አልችልም የሚል መልእክት ያወጣል። ይህን መልእክት ያላየ አማርኛ ጸሐፊ አለ?

መፍትሔው፦ ሁሉንም ሴሌክት፣ ከዚያ ሪቪው፣ ላንጉዌጅ፣ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ። አማሪክ የሚለውን ምረጡ፣ ወይም የፊደል ስህተት አትፈልግ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅም ሰነድ ላይ ይህች ብቻ ትልቅ ለውጥ ልታመጣ ትችላለች።

ምክንያት አምስት፦ ግራፊክስ ድራይቨር

እንግሊዝኛውም አማርኛውም፣ ሜኑውም መስኮቱም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ፊደሉን ተዉት። ዲቫይስ ማኔጀር ከፍታችሁ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን እዩ። ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ብቻ ካለ፣ የግራፊክስ ካርዳችሁ ድራይቨር የለም ማለት ነው። የግራፊክስ ካርዱን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር እየሠራው ነው።

ይህ መቼ ይመጣል መሰላችሁ? አንዱ የታወቀ አጋጣሚ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው! ዊንዶውስ ይጫናል፣ ድራይቨሩ ይረሳል። «ፎርማት አስደርጌው ባሰበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን አሳዩት። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ ወይም ከግራፊክስ ካርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርዱ እንጂ «ፍጥነት ጨማሪ» ከሚል ያልታወቀ ፕሮግራም አትውሰዱ።

አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ድራይቨሩ አለ፣ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አይስማማም። ፊደሉ ይርገበገባል ወይም ገጹ ይጠቁራል። ሊብሬኦፊስ ከ7.0 ጀምሮ ለመሳል ስኪያ የሚባለውን ይጠቀማል። ቪው በሚለው ሴቲንግ ስኪያን ያለ ግራፊክስ ካርድ እንዲሠራ ማስገደድ ወይም ጭራሽ ማጥፋት ይቻላል። ክሮም ላይም ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ግራፊክስ አክሰለሬሽን የሚለውን አጥፍታችሁ አወዳድሩ። ከተሻለው፣ ድራይቨሩን እስክታድሱ እንደዚያው ተዉት። ካልተሻለው መልሱት።

ፎንት ከየትም አታውርዱ

ፎንት ዝም ብሎ ሥዕል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከፍቶ የሚያነበውና የሚያስኬደው ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀው ዱኩ የተባለው ጥቃት በወርድ ሰነድ ውስጥ በተደበቀ ፎንት በኩል ነበር ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው። በ2020ም ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎንት በሚያነብበት ክፍል ላይ አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ያለ ቀዳዳ እንዳለ አስታውቆ በኋላ ደፍኖታል። ስለዚህ ሁለት ነገር፦ ዊንዶውሳችሁን አፕዴት አድርጉ፤ ፎንት ደግሞ ከባለቤቱ ገጽ ውሰዱ። ኖቶና አቢሲኒካ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ።

ኮምፒውተር ቤት ስትሄዱ ምን ትላላችሁ?

«ይንቀራፈፋል» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ መልስ «ፎርማት» ነው። ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሰጣችሁት መረጃ ሌላ አያስመርጠውም። የአራቱን ጥያቄዎች መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ እንዲህ በሉ፦ «እንግሊዝኛ ደህና ነው፣ አማርኛ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ወርድ ላይ እንጂ ኖትፓድ ላይ የለም፤ ፎንቱን ኢብሪማ ሳደርገው ይፈጥናል»። ይህን የሰማ ባለሙያ ራም ልሽጥልህ አይላችሁም። ፎርማት የግድ ነው ካላችሁም «ባክአፕ የት ያዝክልኝ? ድራይቨሩን መልሰህ ትጭናለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ የዲቫይስ ማኔጀሩን ስክሪን ከፎርማት በፊት ፎቶ አንሱት። የግራፊክስ ካርዱ ስም እዚያ ላይ አለ፤ ድራይቨር ሲፈለግ ይጠቅማችኋል።

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፤ እንግሊዝኛና አማርኛ አወዳድሩ፤ ፎንቱን በስሙ ጥሩ፤ ቀይ መስመሩን አጥፉ፤ የተረፈ ፎንት ቀንሱ፤ ካሹን አድሱ፤ ድራይቨሩን እዩ። እነዚህን ሁሉ አልፎ አሁንም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ያኔ ስለ ራምና ስለ ኤስኤስዲ እናውራ።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉትና መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈ ለሚማረር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። የናንተ ችግር የትኛው ሆኖ ተገኘ? የፕሮግራሙን ስም፣ የዊንዶውሱን ወይም የሊኑክሱን ዓይነትና የአራቱን ጥያቄዎች መልስ ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እናየዋለን።